የኮርያው ዘማች ዓመተ ምሕረት
(ታሪክን ከኢንተርኔት ስንቀዳ ልናስተውለው ስለሚገባን ነገር)



በዚህች ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ መዋጮ፣ ስለ ድንኳኑና ስለ ዕቃ ቤታችን ብዙ ተጽፏል። እኔ ደግሞ ዘንድሮ የጸሐፊነት ሥራዬ ያሳየኝን አንድ ነገር ላካፍላችሁ ብዬ ተነሣሁ። ነገሩ የታሪክ ነገር ነው፤ የሚጀምረው ግን ከለቅሶ ቤት ነው።

እንደምታውቁት አንድ አባል ሲያርፍ በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። ቀድሞ ይኸን የሚጽፈው ከዘመድ መካከል ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ነበረ፤ ወሬውንም የሚቀዳው ከሽማግሌና ከባልቴት አፍ ነበር። ዛሬ ዛሬ ግን ልጆቻችን ስልካቸውን ያወጡና የጎደለውን ከኢንተርኔት ይሞሉታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የኮርያ ዘማች የነበሩ አንድ አባታችን ዐረፉ። ቤተሰቡን ላለማስቀየም ስማቸውን አልጠቅስም። የልጅ ልጃቸው ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ሌሊቱን ሲጽፍ አድሮ በማግሥቱ ቀብሩ ላይ አነበበው። «በ1951 ዓ.ም. ከቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮርያ ዘመቱ» አለ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሰማ። ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ስንቆረጥም ግን የሟቹ የጦር ጓድ የነበሩ አንድ የመቶ አለቃ ልጁን ጠሩት።

«ና እስቲ ልጄ፣ በ1951 ነው ያልከው?»

«አዎ አባባ፣ ኢንተርኔት ላይ አይቼ ነው።»

«በ1951 እኮ እኔና አያትህ ከኮርያ ከተመለስን ስንት ዓመታችን! ታላቅ አክስትህ በ1947 ነው የተወለደችው፣ ክርስትናዋ ላይ ጠጅ ጠጥቻለሁ። ታዲያ አያትህ እሷን ወልዶ፣ አሳድጎ ነው የዘመተው ልትለኝ ነው?»

ልጁ አፈረ። እኛም አብረን አፈርን፤ ምክንያቱም ጽሑፉን ከመነበቡ በፊት አይቶ ያሳለፈው የዕድሩ ጸሐፊ፣ ማለትም እኔው ነኝ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ያው ዓመተ ምሕረት ለሐውልት ሠሪው ተሰጥቶ ነበር። ወረቀት ላይ የተጻፈ ስሕተት ይሰረዛል፤ ድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ማን ይፍቀዋል?

ስለዚህ ኮሚቴው እኔንና ሁለት ሽማግሌዎችን ነገሩን እንድናጣራ አዘዘን። ሥራውም ብዙ አልነበረም። ባለቤታቸው እትዬ ሣጥናቸውን ከፍተው አንድ ፎቶግራፍ አወጡልን፤ ጀርባው ላይ በሟቹ እጅ «ሐምሌ 1944 ዓ.ም. ኮርያ» ተብሎ ተጽፏል። የመቶ አለቃውም «እኔና እሱ የሁለተኛው ቃኘው ነን» ሲሉ አረጋገጡልን።

እንግዲህ ልጁ የተሳሳተው ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛ፣ ያገኘው 1951 የፈረንጆቹ ነው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በኮሎኔል ከበደ ገብሬ አዛዥነት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ከጂቡቲ በመርከብ ተጉዞ ፑሳን ወደብ የደረሰው በእኛ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛ፣ አያቱ ከመጀመሪያው ሻለቃ ጋር አልነበሩም፤ የሁለተኛው ቃኘው ኮርያ የገባው በ1944 ዓ.ም. ነውና። ኢንተርኔቱ ላይ «ቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮርያ ገባ» ተብሎ መጻፉ በፈረንጅ አቈጣጠር ስለ መጀመሪያው ሻለቃ ትክክል ነው። ውሸት አልነበረም። ብቻ ስለ እሳቸው የተጻፈ አልነበረም። ልጁ ስለ አያቱ ጠየቀ፣ ስለ ሌላ ሰው መልስ ተሰጠው፣ እሱም ሳይጠረጥር ተቀበለ።

ከዚያ ወዲህ ይኸ ነገር ሐሳቤን ይዞት ስለ ቆየ ጥቂት ማንበብና ማመዛዘን ጀመርኩ። ያገኘሁትን በሚከተለው አኳኋን አቀርባለሁ። በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ስል የእኛን፣ «እ.ኤ.አ.» ስል የፈረንጆቹን አቈጣጠር ማለቴ መሆኑን አንባቢ ያስተውልልኝ።

፩. ኢንተርኔት ምንድር ነው?

የኢንተርኔት መነሻ አርፓኔት የሚባለው የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ያስጀመረው መረብ ሲሆን፣ ሁለት ሩቅ ኮምፒዩተሮች በዚህ መረብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጋገሩት በጥቅምት 1962 ዓ.ም. (1969 እ.ኤ.አ.) ነው። ዛሬ ገጽ ከገጽ እያዘዋወረ የሚያስነብበንን ዘዴ ደግሞ ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ በስዊስ አገር በ1989 እ.ኤ.አ. አሰበው። አገራችን በኢንተርኔት መጠቀም የጀመረችው በ1989 ዓ.ም. (1997 እ.ኤ.አ.) ነው። እነሆ፣ «1989» የሚለው አንድ ቁጥር በዚህች አንዲት አንቀጽ ውስጥ እንኳ ሁለት የተለያየ ዘመን ሆኖ መጣ።

ዋናው ቁም ነገር ግን ይኸ መረብ መንገድ እንጂ ምስክር አለመሆኑ ነው። የዕድራችንን ለፋፊ አስቡት። ጧት ጡሩምባውን ነፍቶ «እገሌ ዐርፏል» ሲል አምነነው እንነሣለን፤ ነገር ግን «የትኛው እገሌ? የየትኛው ቤት? ማን ነገረህ?» ብለን ሳንጠይቅ ነጠላችንን አናዘቀዝቅም። ለፋፊው የሰማውን ነው የሚያደርሰው። ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ጡሩምባውን የሚነፋው አንድ ሰው ሳይሆን የፈለገ ሁሉ መሆኑ ነው።

፪. የዘመን አቈጣጠር ወጥመድ

በእኛ ታሪክ ላይ ኢንተርኔት የሚያስከትለው ትልቁ ስሕተት ይኸው ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ከጥር እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ስምንት ዓመት ነው። ልጆቻችን ግን አንዳንዴ ሳይቀንሱ ይገለብጣሉ፣ አንዳንዴም የተቀነሰውን እንደ ገና ይቀንሱታል።

ቀኑም ቢሆን ያሳስታል። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ መጻሕፍት ማርች 1 ቀን 1896 ይባላል። ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ቀን ነው። ታዲያ የቱ ነው ሐሰት? ሁለቱም እውነት ነው። በ1900 እ.ኤ.አ. የፈረንጆቹ አቈጣጠር አንድ ቀን ሳይጨምር አለፈ፤ የእኛ ግን እንደ ልማዱ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ማድረጉን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ በመካከላችን ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ። ይኸን ያላወቀ ሰው ግን ኢንተርኔት ላይ ማርች 1ን አይቶ «በዓሉን በተሳሳተ ቀን ነው የምናከብረው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ድምዳሜው ስሕተት የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

፫. የቁጥር ነገር

ወደ ኮርያ ዘማቾች እንመለስ። ምን ያህል ኢትዮጵያውያን ዘመቱ ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱ ገጽ 3,518 ይላችኋል፣ ሌላው 3,158፣ ሦስተኛው 6,037። የወደቁት አንዱ ዘንድ 121፣ ሌላው ዘንድ 122 ናቸው።

መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ ተስፋ ቈርጬ ነበር። ቀስ ብሎ ሲታይ ግን ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። 3,518ና 3,158 አኃዞቻቸው ያው ናቸው፤ ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠዋል። አንዱ ከሌላው ሲገለበጥ የተዛነፈ ይመስላል። 6,037 የሚለው ደግሞ በሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ ከቆመ በኋላ ለጥበቃ የሄዱትን ጭምር የሚቈጥር ነው። ጥያቄው «ስንት ናቸው?» ብቻ ሳይሆን «ማን ማን ተቈጠረ?» ነው።

እኛ ራሳችን «የዕድሩ አባል ስንት ነው?» ስንባል አንዱ በመዝገብ የሰፈረውን አባወራና እማወራ ይቈጥራል፣ ሌላው ቤተሰቡን ሁሉ ይደምራል። ሁለቱም አልዋሹም። ገንዘብ ያዣችን ግን የመጀመሪያውን ቁጥር ነው የሚፈልገው!

፬. መቶ ገጽ መቶ ምስክር አይደለም

ዐፄ ምኒልክ ከአሜሪካ በኤሌክትሪክ የሚገድል ወንበር አስመጡ፤ ኤሌክትሪክ ስላልነበረ ወንበሩን ዙፋን አደረጉት፤ ይኸ ተረት በብዙ ቋንቋ በብዙ ገጽ ተጽፎ ይገኛል። ልጆቻችንም እየሳቁ ያነቡታል። እንደዚህ ያለው ወንበር በኒው ዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የተገደለበት በነሐሴ 1882 ዓ.ም. (1890 እ.ኤ.አ.) መሆኑ የተረጋገጠ ነው። የምኒልክ ዙፋን ስለ መሆኑ ግን ባየኋቸው ገጾች ሁሉ የዘመኑን ደብዳቤ ወይም የዓይን ምስክር የሚጠቅስ አላገኘሁም፤ አንዱ ሌላውን ነው የሚጠቅሰው። አሥር ጎረቤት አንድ ወሬ ቢነግረን፣ አሥሩም የሰሙት ከአንዲት ሴትዮ ከሆነ፣ ምስክራችን አንድ ነው። እሷም «እንዲህ ሲባል ሰምቼ ነው» ካለች ምስክርም የለንም።

ያም ሆኖ ምኒልክን ፊት ለፊት ያዩ ሰዎች ጽፈዋል። ለምሳሌ በ1897 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር የመጣው ግላይከን፣ በ1903 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ስኪነር እያንዳንዳቸው መጽሐፍ ትተዋል። የሚገርመው፣ እነዚህ መጻሕፍት ራሳቸው ዛሬ ያለ ገንዘብ የሚነበቡት በዚያው በኢንተርኔት ነው። ተረቱና መድኃኒቱ ያሉት አንድ ሱቅ ውስጥ ነው ማለት ነው።

፭. ዊኪፔድያን እንመን?

ልጆቻችን አዘውትረው የሚቀዱበት ዊኪፔድያ በጥር 1993 ዓ.ም. (2001 እ.ኤ.አ.) የተጀመረ፣ ማንም ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል መዝገበ ዕውቀት ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው ለቀልድ ብሎ፣ ጆን ሲገንታለር የተባለው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በኬኔዲ ወንድማማቾች መገደል ተጠርጥሮ ነበር ብሎ ጻፈበት። ሲገንታለር የሮበርት ኬኔዲ ረዳት የነበረ ሰው ነው! ይኸ ስም ማጥፋት ከአራት ወር በላይ ሳይታረም ቆየ።

በዚያው ዓመት ግን ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት 42 የሳይንስ ርእሶችን መርጦ ዊኪፔድያን ከዝነኛው ከብሪታኒካ ጋር በባለሞያዎች አስመዘነ። በአማካይ በእያንዳንዱ ርእስ ዊኪፔድያ ላይ አራት ያህል፣ ብሪታኒካ ላይ ሦስት ያህል ስሕተት ተገኘ። የብሪታኒካ ሰዎች ምዘናውን አጥብቀው ተቃወሙት፤ ነገር ግን ሁለቱም ስሕተት እንደማያጣቸው ታየ። ስለዚህ «ኢንተርኔት ሁሉ ውሸት ነው» ማለት ልክ እንደ «ኢንተርኔት ብሏልና እውነት ነው» ሁሉ ስንፍና ነው።

መጽሐፍና ጋዜጣም ቢሆን ከመመዘን አያመልጥም። በ1983 እ.ኤ.አ. ሽተርን የተባለው የጀርመን መጽሔት የሂትለርን የግል ማስታወሻ አገኘሁ ብሎ በብዙ ሚሊዮን ማርክ ገዝቶ አወጣ። ስመ ጥር የታሪክ ሊቅ ሳይቀር እውነተኛ ነው ብሎ መስክሮለት ነበር። በኋላ ወረቀቱ ሲመረመር ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ስለ ኮርያ ዘማቾቻችን ጀግንነት የጻፈው አሜሪካዊው ኤስ ኤል ኤ ማርሻል እንኳ፣ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ያቀረበው አኃዝ በምን ላይ እንደ ተመሠረተ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባልደረቦቹ ጠይቀው አጥጋቢ ማስረጃ አላገኙም። ይኸ ማለት ስለ እኛ ዘማቾች የጻፈው ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ የሚያስደስተንንም ቢሆን እንመዝን ማለት ነው።

የቅርቡ ደግሞ ይብሳል። ቻትጂፒቲን የመሰለ መሣሪያ ሲጠይቁት ያማረ መልስ ይሰጣል፤ ሳያውቅም ይመልሳል። በ2023 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ከእሱ የቀዱትን የፍርድ ቤት ውሳኔ ለዳኛ አቀረቡ። ቢፈለግ ውሳኔዎቹ ከነጭራሹ አልነበሩም። አምስት ሺህ ዶላር ተቀጡ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሏል ይኸ ነው።

፮. ታዲያ ምን ይጠቅመናል?

በጣም ይጠቅመናል እንጂ! ድሮ አንድ የብራና መጽሐፍ ለማየት ገዳም ድረስ በእግር መሄድ፣ መጽሐፍ ጠባቂውን መለመን ያስፈልግ ነበር። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን ገዳማትና አድባራት ያሉ ብዙ ሺህ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ነበር፤ ዛሬ ከነዚህ ብዙዎቹን አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መዘክር በኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚደግፈው ሥራ ሊጠፉ የደረሱ የእኛን አገር ጽሑፎች ፎቶግራፍ አስነሥቶ አስቀምጧል። ይኸ ወሬ አይደለም፤ ምንጩ ራሱ ነው።

ምንጩን ማየት ምን ያህል እንደሚለይ የውጫሌ ውል ያስረዳናል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል አንቀጽ 17፣ በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም ይቻላቸዋል የሚል ሲሆን፣ በኢጣልያንኛው ግን በዚያው መንገድ ለመጠቀም የተስማሙ አስመስሎ አስገዳጅ አደረገው። የአንድ ቃል ነገር እስከ ዐድዋ አደረሰ። አንዱን ወገን ብቻ ያነበበ ሰው ሙሉውን ታሪክ አያገኝም። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ስለ እኛ በብዛት የተጻፈው በሌላ ሰው ቋንቋ መሆኑን አንርሳ።

፯. ለዕድራችን የሚሆን ምክር

ከእንግዲህ የሕይወት ታሪክ የሚጽፉ ልጆቻችን አራት ነገር እንዲጠይቁ እለምናለሁ። ይኸን የጻፈው ማን ነው፣ ስሙስ አለ? በዓይኑ ያየ ነው ወይስ ሲባል የሰማ? ዓመተ ምሕረቱ የእኛ ነው ወይስ የፈረንጅ? በእርግጥ ስለ ሟቹ ነው ወይስ እሱን ስለሚመስል ሌላ ሰው? እነዚህን የጠየቀ ልጅ በኢንተርኔት ቢጠቀም እሰየው።

ሁለተኛው ምክሬ ለእኛ ለትልልቆቹ ነው። ልጁ ከኢንተርኔት የቀዳው እኛ ስላልነገርነው ነው። አያቱ ኮርያ የዘመቱበት ዓመት ከሣጥን ውስጥ፣ ከፎቶግራፍ ጀርባ ነበር፤ የትኛውም የኢንተርኔት ገጽ ላይ አልነበረም፣ ሊኖርም አይችልም። የመቶ አለቃው በሕይወት ስለ ነበሩ «ኧረ ተው!» የሚል ሰው ተገኘ። ዛሬ እሳቸውም የሉም። ያ ቀብር ዛሬ ቢሆን ኖሮ 1951 እንዳለ ይጸና ነበር።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባዔው የማቀርበው ሐሳብ፦ ከአባልነት መዝገባችን ጎን አንድ ሌላ ደብተር ይከፈት። እያንዳንዱ አባል በቁመናው ሳለ የተወለደበትን ቦታ፣ የሠራበትንና ያገለገለበትን ዘመን በእኛ አቈጣጠር ራሱ ያስመዝግብ፤ ማስረጃ ካለውም ቅጂውን ያያይዝ። «በቁሜ ታሪኬን ልጻፍ?» ብሎ የሚደነግጥ እንዳለ ዐውቃለሁ። መዋጮውንስ በቁማችን አይደል የምናዋጣው?

ሐውልቱን ለጠየቃችሁኝ፣ ሠሪው ከመቅረጹ በፊት ደርሰንበታል። ዛሬ ድንጋዩ ላይ «የሁለተኛው ቃኘው ዘማች፣ 1944 ዓ.ም.» ይላል። የልጅ ልጃቸውም አሁን ለደብተሩ ጽሕፈት ፈቃደኛ መሆኑን ነግሮኛል፤ ሽማግሌዎችን እየዞረ በስልኩ ድምፅ መቅዳት ጀምሯል።

እንግዲህ ይኸን ያህል ካልኩ ይበቃኛል። ሞትን ያዘግይልን፣ ዕድራችንን ያጽናልን።